የቤሩት ወደብ ፍንዳታ፦ ሆስፒታሉ ራሱ የቆሰለበት ምሽት

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020) ማክሰኞ ዕለት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ፣ በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤሩት ወደብ ውስጥ የሚገኘው 12ኛው መጋዘን ፈነዳ። በፍንዳታው ቢያንስ 218 ሰዎች ሞቱ፤ 7,000 ያህል ቆሰሉ፤ 300,000 ያህል ነዋሪዎችም መጠለያቸውን አጡ። ከሟቾቹ መካከል በሥራ ገበታቸው ላይ የነበሩ ነርሶችና በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኙ ሕሙማን ይገኙበታል። በጦርነትም ሆነ በኢንዱስትሪ አደጋ ብዙ ሕዝብ ያለቀባቸው ከተሞች በታሪክ ጥቂት አይደሉም። የቤሩትን ምሽት ለጤና ባለሙያ ልዩ የሚያደርገው ግን ቁስለኞችን ይቀበላሉ ተብለው የሚጠበቁት ሆስፒታሎች በዚያችው ቅጽበት ራሳቸው ቁስለኛ መሆናቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱና ከተማዋ

ሊባኖስ ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ክፉኛ የተጎዳች አገር ናት። በ2006 ክረምት እንደገና ከእስራኤል ጋር በተካሄደው ጦርነት ተደበደበች። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ጎረቤቷ ሶርያ በጦርነት ስትታመስ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ተቀበለች። በእነዚህ ዓመታት የሊባኖስ ሐኪሞችና ነርሶች በጥይት፣ በቦምብና በመድፍ የተጎዱ ሰዎችን በማከም ከፍተኛ ልምድ አካብተዋል። ቁስለኞችን እንደ ጉዳታቸው ክብደት ለይቶ ቅደም ተከተል የማስያዝ ሥራ፣ ማለትም ትሪያጅ፣ ለእነርሱ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ሙያ ከቀደሙት ወደ ተተኪዎች ሲተላለፍ የኖረ ልምድ ነበር።

ይሁን እንጂ በ2020 ይህ የካበተ ልምድ በባዶ እጅ የቀረበት ጊዜ ነበር። በ2019 መጨረሻ የፈነዳው የኢኮኖሚ ቀውስ የአገሪቱን ገንዘብ ዋጋ ክፉኛ ጥሎታል፤ ባንኮች የደንበኞቻቸውን ገንዘብ አልከፍል ብለዋል፤ ሆስፒታሎችም መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ከውጭ ለማስገባት የሚያስፈልጋቸውን የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ተስኗቸዋል። በፌብሩዋሪ 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ ተገኘ፤ በሐምሌ ወር የበሽታው ሥርጭት እየጨመረ ሄዶ የጽኑ ሕሙማን አልጋዎች መጣበብ ጀመሩ። ፍንዳታው የደረሰው በጤናማ ሰውነት ላይ ሳይሆን ደሙን አስቀድሞ ባፈሰሰ ሰውነት ላይ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከወደቡ በስተምሥራቅ ቃራንቲና የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ ኳራንቲን ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ የግብፁ ገዢ ልጅ ኢብራሂም ፓሻ አካባቢውን በያዘበት ዘመን፣ በመርከብ የሚመጡ መንገደኞች ወረርሽኝ ይዘው ወደ ከተማዋ እንዳይገቡ ተለይተው የሚቆዩበት ሥፍራ በዚያ ተቋቋመ። ከተማዋ ከባሕር ለሚመጣ አደጋ ያበጀችው በር ይህ ነበር። በ2013 በመርከብ ለመጣው ሌላ አደጋ ግን እንዲህ ያለ በር አልተገኘለትም።

ሰባት ዓመት የተቀመጠ ጭነት

በሴፕቴምበር 2013 ሮሱስ የተባለች፣ የሞልዶቫን ባንዲራ የምታውለበልብ አሮጌ የጭነት መርከብ፣ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭና ከጆርጂያ ወደብ ከባቱሚ ተነሣች። መድረሻዋ የሞዛምቢክ ወደብ ቤይራ ነበር፤ ጭነቱም በዚያ አገር ለሚገኝ የፈንጂ ፋብሪካ የታዘዘ ነበር። በኖቬምበር 2013 ተጨማሪ ጭነት ለመውሰድ ቤሩት ቆመች። የወደቡ ተቆጣጣሪዎች መርከቧ ለጉዞ ብቁ አይደለችም ብለው አገዷት። የወደብ ክፍያና ዕዳም ተከመረባት፤ ባለቤቷም ጥሏት ሄደ። ካፒቴኑና ጥቂት ባልደረቦቹ እስከ 2014 ድረስ መርከቧ ላይ ታግተው ቆዩ። ጭነቱ በ2014 ወደ 12ኛው መጋዘን ተዛወረ። መርከቧ ራሷ በ2018 እዚያው ወደቡ ውስጥ ሰጠመች።

አሞኒየም ናይትሬት ነጭ ፍሬ ያለው ጨው ነው። በግብርና ማዳበሪያነት፣ በማዕድን ማውጫና በድንጋይ መፍለጫ ደግሞ በፈንጂነት ያገለግላል። ንጹሕ ሆኖ በአግባቡ ከተቀመጠ በቀላሉ የሚፈነዳ አይደለም። ነገር ግን ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሲጨምር እየተበታተነ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ መውጫ ካጣ፣ ወይም ንጥረ ነገሩ ከነዳጅና ከሌሎች ተቀጣጣይ ነገሮች ጋር ከተነካካ፣ ቃጠሎው ወደ ፍንዳታ ይለወጣል። በ12ኛው መጋዘን ውስጥ ከዚሁ ጭነት ጋር ርችትና ሌሎች ተቀጣጣይ ዕቃዎች አብረው ተቀምጠው እንደነበር ኋላ ታውቋል።

አደጋው ያልታወቀ አልነበረም። ከ2014 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት የጉምሩክ ሹማምንት ጭነቱ ወደ ውጭ እንዲላክ፣ ለጦር ሠራዊቱ እንዲሰጥ ወይም ለግል ድርጅት እንዲሸጥ እንዲፈቀድላቸው ለዳኛ በተደጋጋሚ ጽፈዋል። የጸጥታ መሥሪያ ቤትም ጉዳዩን መርምሮ፣ ጭነቱ ቢፈነዳ ከተማዋን ሊያወድም እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በጁላይ 2020 ለአገሪቱ ርዕሰ ብሔርና ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አድርሷል። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተዘዋወረ፤ ጭነቱ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። በሕክምና ቋንቋ ሲገለጽ፣ በሽታው ታውቋል፣ በወረቀት ላይም ሰፍሯል፤ ሕክምናውን የሚያዝዝ ግን ጠፍቷል።

የእሳቱ ሃያ ደቂቃ

በዚያ ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ በ12ኛው መጋዘን እሳት ታየ። በዚያ ወቅት የቤሩት ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር እኩል ነበር፤ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ በሆስፒታሎችም የቀኑ ፈረቃ ለማታው የሚያስረክብበት ጊዜ ሊሆን ተቃርቧል። በቃራንቲና ከሚገኘው የእሳት አደጋ ጣቢያ አሥር ሠራተኞች ተላኩ፤ ከእነርሱ አንዷ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነበረች። መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። አሥሩም ሞቱ።

መጀመሪያ ከሰማይ ጋር የሚገናኝ ጢስ የለቀቀ ፍንዳታ ተሰማ። ብዙ የከተማዋ ነዋሪዎች ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮትና ወደ ሰገነት ወጡ፤ ብዙዎችም በስልካቸው ይቀርጹ ነበር። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውና ታላቁ ፍንዳታ ተከተለ። ድምፁ ከባሕሩ ማዶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በቆጵሮስ ተሰማ፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ድርጅትም በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 3.3 ሆኖ መዝግቦታል። ከወደቡ ጎን የቆመው፣ 120,000 ቶን እህል የመያዝ አቅም የነበረው ግዙፉ የእህል ጎተራ የፍንዳታውን ማዕበል በከፊል ተቋቁሞ ከበስተጀርባው ያለውን የምዕራቡን የከተማ ክፍል እንደ ጋሻ ከለለ። የፍንዳታው ጉልበት በጣም የበረታው በስተምሥራቅና በስተደቡብ ባሉት በቃራንቲና፣ በማር ሚካኤል፣ በጀማይዜና በአሽረፊየ ሠፈሮች ላይ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ በኋላ ባቀረበው ግምት መሠረት፣ በዚያ ሰዓት የፈነዳው 552 ቶን ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ከመጀመሪያው ጭነት አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው።

በሰማይ ላይ የታየው ቀይ ቡናማ ደመና የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ምልክት ነበር። ይህ ጋዝ የተነፈሰውን ሰው ወዲያው ብቻ ሳይሆን ከብዙ ሰዓታት በኋላም ሳንባው ውሃ እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል። ስለሆነም በመጀመሪያ ምርመራ ደህና የመሰለ ሰው ሳይታሰብ ሊታመም እንደሚችል የሕክምና ባለሙያ ማወቅ ይኖርበታል።

ሆስፒታሎቹ

በ1878 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በአሽረፊየ፣ ከወደቡ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ይገኛል። ፍንዳታው ሲደርስ የሆስፒታሉ መስኮቶች፣ በሮችና የጣሪያ ኮርኒሶች በአንድ ጊዜ ተገነጣጠሉ። አራት ነርሶች በሥራ ላይ እንዳሉ ሞቱ፤ በጽኑ ሕመም የተኙ ሕሙማንና ጠያቂዎችም ሞቱ። መብራት ጠፋ፤ አሳንሰሮች ቆሙ፤ የኮምፒዩተር የሕሙማን መዝገብ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። የቆሰሉ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ደማቸው በፊታቸው እየወረደ፣ ሕሙማንን በደረጃ ላይ ተሸክመው አወረዱ። ምጥ ላይ የነበረች አንዲት እናት በተሰባበረ የመስታወት ስብርባሪ መካከል፣ በስልክ መብራት እየታገዘች፣ ልጇን በሰላም ተገላገለች። አንዲት ነርስ ደግሞ ሦስት ጨቅላ ሕፃናትን በአንድ ክንዷ ታቅፋ በሌላ እጇ ስልክ ይዛ ርዳታ ስትጠራ በአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ተቀረጸች፤ ፎቶግራፉም በዓለም ዙሪያ ታየ።

በዚህ መካከል ከየሠፈሩ የሚመጡት ቁስለኞች ሆስፒታሉ መቆሙን አያውቁም ነበር። በእግራቸው፣ በሞተር ብስክሌትና በጭነት መኪና እየመጡ በሩን ሞሉት። ባለሙያዎቹ መኪና ማቆሚያውን የድንገተኛ ሕክምና ክፍል አደረጉት። መሬት ላይ ያስተኟቸውን ሰዎች በስልክ መብራት እየሰፉ፣ ደም እያቆሙ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄድ የሚችለውን ከማይችለው ለዩ። ሆስፒታሉ በዚያው ሌሊት ሕሙማኑን በሙሉ ለማስወጣት ተገደደ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ዕጣ የእርሱ ብቻ አልነበረም። የሮዜር ሆስፒታል፣ የቃራንቲናው የመንግሥት ሆስፒታልና የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ያለው የጊታዊ ሆስፒታልም ክፉኛ ተጎዱ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምገማ መሠረት ሦስት ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ ሌሎች ሦስት በከፊል ብቻ ይሠሩ ነበር፤ በድምሩ 500 ያህል አልጋዎች ጠፉ። ከተገመገሙት 55 የጤና ማዕከላትና ክሊኒኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አገልግሎት መስጠት አልቻሉም። በቃራንቲና የሚገኘው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ማዕከላዊ የመድኃኒት መጋዘንም ተጎድቶ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የቁስለኛው ቁጥር በብዙ ሺህ ሲጨምር፣ የአልጋው፣ የመድኃኒቱና የባለሙያው ቁጥር በዚያው ልክ ቀነሰ። ከወደቡ ራቅ ያሉት የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና የኦቴል ዲዩ ሆስፒታሎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአቅማቸው በላይ ተጨናነቁ።

በፍንዳታ የሚደርስ ጉዳት በአራት ደረጃ እንደሚከፈል ይታወቃል። የመጀመሪያው ከአየር ግፊቱ ማዕበል የሚመጣ ሲሆን ጆሮን፣ ሳንባንና አንጀትን ይጎዳል። ሁለተኛው ከሚወረወሩ ስብርባሪዎች፣ ሦስተኛው ሰውየው ራሱ ተወርውሮ ከመላተሙ፣ አራተኛው ከቃጠሎ፣ ከጢስና ከፍርስራሽ ጫና ይመጣል። በቤሩት እጅግ የበዛው ሁለተኛው ነበር። ምክንያቱም የመጀመሪያው ፍንዳታ ሰውን ሁሉ ወደ መስታወት አቀረበው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዓይናቸው ተጎዳ፤ አንዳንዶቹም የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ለዘለዓለም አጡ።

ታሪክ የነገረው

የቤሩት ፍንዳታ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር አልነበረም። ዲሴምበር 6 ቀን 1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ ሞን ብላን የተባለች ፈንጂ የጫነች የፈረንሳይ መርከብ ኢሞ ከተባለች ሌላ መርከብ ጋር ተጋጨች። መርከቧ ሃያ ደቂቃ ያህል ከነደደች በኋላ ፈነዳች። 2,000 ገደማ ሰዎች ሞቱ፤ 9,000 ያህል ቆሰሉ። በዚያም ሕዝቡ የሚነደውን መርከብ ለማየት በመስኮት ላይ ቆሞ ነበር፤ በዚህም ምክንያት በሕክምና ታሪክ በአንድ ቀን ከታዩት እጅግ የበዙ የዓይን ጉዳቶች አንዱ ደረሰ። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የዓይን ሐኪሞች ከ200 በላይ የተጎዱ ዓይኖችን ለማውጣት ተገደዱ። በሚቀጥለው ዓመት የካናዳ የዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ተቋም ሲመሠረት የሃሊፋክስ ተጎጂዎች ጉዳይ አንዱ ገፊ ምክንያት ነበር።

በጀርመን ኦፓው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1921፣ የአሞኒየም ናይትሬትና የአሞኒየም ሰልፌት ድብልቅ ክምር ስለ ደረቀ በዲናሚት ሊፈረካክሱት ሲሞክሩ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ኤፕሪል 16 ቀን 1947፣ ግራንካምፕ የተባለች ከ2,000 ቶን በላይ አሞኒየም ናይትሬት የጫነች መርከብ ፈንድታ ቢያንስ 581 ሰዎች ሞቱ፤ እሳቱን ለማጥፋት ከሄዱት የከተማው በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ አባላት ከአንዱ በቀር ሁሉም አለቁ። በፈረንሳይ ቱሉዝ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2001 በአንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ በደረሰ ፍንዳታ 31 ሰዎች ሲሞቱ፣ በአቅራቢያው የሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ክፉኛ ተጎድቶ ሕሙማኑ በሙሉ እንዲወጡ ተደርጓል። በቻይና ቲያንጂን ኦገስት 12 ቀን 2015 በደረሰው የኬሚካል መጋዘን ፍንዳታ ከሞቱት ከ160 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ እሳት አጥፊዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ጎልቶ ይታያል። መጀመሪያ እሳት ይነሣል፤ ከዚያ ምን እንደሚነድ ያልተነገራቸው ሰዎች ለማጥፋት ይቀርባሉ፤ ሕዝቡ ለማየት ይወጣል፤ በመጨረሻ ታላቁ ፍንዳታ ይመጣል።

የአዲስ አበባ ሕዝብም ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅበት ቀን አለው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሌሊት፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ በፊልም ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ፍንዳታውን ለመቅረጽ ሄዶ በተከተለው ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሞተ። የመጀመሪያው ፍንዳታ የመጨረሻው ነው ብሎ መገመት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማቅረብ ያስቸግራል።

በስም ያልተቆጠሩት

የቤሩት ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን በሌላ በኩልም ቅርብ ነው። በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት ከሚኖሩት 250,000 ያህል እንደሚሆኑ ከሚገመቱት ስደተኞች መካከል በቁጥር የሚበልጡት ኢትዮጵያውያት ነበሩ። የሚኖሩትም ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ሥር ነው። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ከአሠሪዋ ቤት ስትወጣ ሕጋዊነቷን ታጣለች። የኢኮኖሚው ቀውስ ሲከፋ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች በጁን 2020 ብዙ ሴቶችን ሻንጣቸውን አስይዘው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ከነዚህ መካከል ፓስፖርታቸው ያልተመለሰላቸውና የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፍንዳታው መጣ።

በአደጋው ከሞቱት መካከል በደርዘን የሚቆጠሩ ሶርያውያን፣ እንዲሁም ከባንግላዴሽ፣ ከፊሊፒንስና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሠራተኞች ይገኛሉ። በቃራንቲናና በወደቡ ዙሪያ ባሉ ርካሽ ቤቶች የሚኖሩ፣ በየአፓርታማው መስታወት ሲያጸዱ የነበሩ፣ በወደቡ ጭነት ሲያራግፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መታወቂያ የሌለው ቁስለኛ ከሆስፒታል ይልቅ ጓደኛው ቤት ሄዶ መታሸግን የሚመርጥበት ምክንያት አለው፤ መታሰርንና መጠየቅን ይፈራልና። ስለዚህ የቁስለኞች መዝገብ የሚነግረው ወደ ሆስፒታል የመጣውን እንጂ የቆሰለውን ሁሉ አይደለም። አንዲት የቆሰለች ሴት በማታውቀው ቋንቋ ስትጠየቅ፣ ስሟ በተሳሳተ ፊደል ሲመዘገብ፣ ቤተሰቧም አገር ቤት ሆኖ ወሬዋን ሲፈልግ፣ የመዝገብ ሠራተኛው አንድ ደቂቃ ወስዶ ስሟን በትክክል መጻፉ የሕክምናው አካል ነው።

ያልተዘጋ መዝገብ

ከፍንዳታው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ። የምርመራው ሂደት ግን ከአደጋው ይልቅ የአገሪቱን ቁስል አሳየ። የመጀመሪያው መርማሪ ዳኛ ፋዲ ሳዋን ሹማምንትን በወንጀል በመጠርጠራቸው በፌብሩዋሪ 2021 ከሥራው ተነሡ። ተተኪያቸው ጣሪቅ ቢጣርም በተደጋጋሚ ክስና ተቃውሞ ታገዱ። ኦክቶበር 14 ቀን 2021 የእርሳቸውን መነሣት በጠየቀ ሰልፍ ምክንያት በቤሩት ጎዳናዎች በተነሣ ተኩስ ሰባት ሰዎች ሞቱ። በጃንዋሪ 2023 ዳኛው ሥራቸውን እንደገና ጀመርሁ ሲሉ፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ የታሰሩትን ሁሉ ለቀቁ፤ ዳኛውንም ከሰሱ። በ2025 መጀመሪያ ምርመራው እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ የአደጋው አምስተኛ ዓመት በኦገስት 2025 ሲታሰብ ግን አንድም የመጨረሻ ፍርድ አልተሰጠም ነበር። በ2022 ክረምት፣ አደጋው በደረሰበት ሁለተኛ ዓመት አካባቢ፣ ከጎተራው የተረፈው ሰሜናዊ ክፍል በሳምንታት እሳት ተቃጥሎ ከፊሉ ተናደ። የሟች ቤተሰቦች የፍንዳታው ምስክር ነውና ቀሪው እንዳይፈርስ ተሟገቱ።

ለጤና ባለሙያው የቀረው ትምህርት

ከቤሩት የሚወሰደው የመጀመሪያው ትምህርት ሆስፒታል በአደጋ ዕቅዱ ውስጥ ራሱን እንደ ተጎጂ አድርጎ መቁጠር እንዳለበት ነው። ብዙ የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች ቁስለኞች ከውጭ ወደ ቆመ ሆስፒታል እንደሚመጡ አድርገው ይጻፋሉ። መብራት፣ አሳንሰር፣ ኮምፒዩተርና ግድግዳ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ሥራው ወዴት እንደሚዛወር፣ ማን እንደሚያዝዝ፣ የወረቀት ቅጽና የእጅ ባትሪ የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በደረጃ ላይ በሽተኛ ተሸክሞ ማውረድም በልምምድ እንጂ በወኔ ብቻ አይሠራም።

ሁለተኛው በአቅራቢያ ምን እንደተከማቸ ማወቅ ነው። ከሆስፒታሉ በሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ የነዳጅ ማደያዎች፣ የማዳበሪያና የኬሚካል መጋዘኖች፣ ወታደራዊ ማከማቻዎች ዝርዝር በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን በሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍልም ሊኖር ይገባል። ሦስተኛው ለሕዝብ የሚሰጠው የጤና ትምህርት ነው። ትልቅ እሳት ወይም ፍንዳታ ሲታይ ከመስኮት መራቅ እንጂ ወደ መስኮት መቅረብ አይገባም የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በሃሊፋክስም በቤሩትም ብዙ ዓይን ባዳነ ነበር።

አራተኛው የሚመለከተው ባለሙያውን ራሱን ነው። በቤሩት በዚያ ሌሊት የሠሩት ሐኪሞችና ነርሶች ብዙዎቹ ቤታቸው የፈረሰ፣ ዘመዳቸው የት እንዳለ የማያውቁ ነበሩ። በተከታዮቹ ሳምንታት የኮቪድ-19 ሕሙማን ቁጥር በፍጥነት ሲጨምር ያለ ዕረፍት ቀጠሉ፤ ከዚያም በብዛት አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። አንድ ሆስፒታል ግድግዳውን በዓመት ሊጠግን ይችላል። ባለሙያዎቹን ካጣ ግን ለመተካት ሃያ ዓመት ያስፈልገዋል።

በጥንታዊቷ ቃራንቲና ከባሕር የሚመጣ ሰው ሁሉ ታይቶ፣ ተመዝግቦ፣ ቀኑ ሳይሞላ አይለቀቅም ነበር ይባላል። 2,750 ቶኑም ታይቷል፤ ተመዝግቧልም። የጎደለው ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ነበር። በዚህም ሳቢያ ውሳኔው በመጨረሻ የወደቀው በእሳት አጥፊዎቹ፣ በአራቱ ነርሶችና መኪና ማቆሚያ ላይ በስልክ መብራት ይሰፉ በነበሩት ሐኪሞች ትከሻ ላይ ሆነ።